ከኋላ ያለው ቦታ

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለተስፋሁን፣

መርዶዬን የሰማሁበትን ቀን እንድነግርህ በሱፊያን በኩል ጠይቀኸኛል። እነግርሃለሁ። ስልክህን ዘግተሃል አሉ፤ እኔም በስልክ ድምፄ እየተቆረጠ ሰው አስቸግራለሁ። ስለዚህ በእጄ እጽፋለሁ። የማታ ትምህርት ስድስተኛ ክፍል ድረስ የተማርኩ ሴት ነኝና ፊደሌን ታግሠህ አንብብ።

ጎህ ሲቀድ ነበር። ለኪዳን ልሄድ ነጠላዬን ስፈልግ የግቢው በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። የእድራችን ሰዎች ናቸው። ወንዶቹ ጋቢ ለብሰው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመዋል። በዚያ ሰዓት እንዲያ ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ለምን እንደሚመጣ የሰፈራችን ሕፃን እንኳ ያውቃል። ሊያረዱ ነው።

እኔ ግን ለእኔ የመጡ አልመሰለኝም። ልጄ እሸቴ የእድሩ ዳኛ ከሆነ ጀምሮ መርዶ የሚያረዳው እሱ ነው። በሩን የሚያንኳኳው እሱ ነው፤ ሰውየውን እጁን ይዞ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው አፉን የሚከፍተው። ስለዚህ ከሰዎቹ መካከል እሱን ፈለግሁት። አስከሬኑን አገሩ ድረስ ከሸኙት ከእድራችን አባል ከአቶ አማኑ ቀብር ማታውን ተመልሶ፣ ቤቱ ሳይገባ ለሌላ መርዶ ተጠርቶ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

«ማን ሞተ?» አልኳቸው። «እሸቴስ? ዛሬ አረፈደ እንዴ?»

እርስ በርስ ተያዩ። ለካ እሱ በሌለበት መርዶ ያረዳ ሰው ከመካከላቸው የለም። አቶ ሉልሰገድ ጉሮሮውን ጠረገና ወደ ኋላው ዞረ። በመጨረሻ ጎረቤቴ ሸፊቃ ከኋላ ሰው እየገፋች መጣች። እጄን ይዛ በሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ አስቀመጠችኝ። እሱ የሚያደርገውን ነው ያደረገችው። ያን ጊዜ ገባኝ።

አርባውን አወጣን። አንተ እህትህ ቤት ወልቂጤ ቀርተህ አልመጣህም። «እግሩ ተሰብሮ ነው» ብዬ ለሰው መልስ ሰጥቻለሁ፤ እንዲያ ከሆነ ደግ ነው።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። ከቀብር ስትመለሱ ሚኒባሱ በከባድ መኪና ተገጨ ብለውኛል። ሹፌሩ ለቅሶ ቤቴ መጥቶ ነበር። ግንባሩ ላይ ትንሽ ፕላስተር ብቻ ነው የነበረው። የእድር ዳኛ የሚቀመጠው ጋቢና ነው፣ ከሹፌሩ ጎን። ታዲያ ሹፌሩ ድኖ ልጄ እንዴት ሞተ? አብረዋችሁ የነበሩትን ስጠይቃቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። አንተ ከልጅነታችሁ ጓደኛው ነህ፣ በእድሩም ምክትሉ ነበርክ። ካንተ ልስማው።

መልስህን ለሱፊያን ስጠው። በየሳምንቱ በአይሱዙው ወልቂጤ ይመላለሳል። እህትህን ሰላም በልልኝ።

እናትህ እንቁ


ወልቂጤ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእማማ እንቁ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ግፊትዎስ? በሐዘኑ ምክንያት መድኃኒቱን አቋርጠው እንዳይሆን እፈራለሁ።

በአርባው ስላልተገኘሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እግሬን አላመካኝም። በክራንች መምጣት እችል ነበር። አልመጣሁም።

የአቶ አማኑን ቀብር ልንገርዎት፤ ይህንን ማንም በደንብ የነገረዎት አይመስለኝም። የአገሩ ሰዎች «ከአዲስ አበባ የእድር ዳኛ ይመጣል» ተብሎ ተነግሯቸው ከዛፍ ጥላ ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ትልቅ ወንበር አስቀምጠው ጠበቁት። እሸቴ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹን ሁሉ ተራ በተራ ጨብጦ ሰላም እስኪል ብቻ ነው ግን። ከዚያ ጠፋ። «ዳኛው የት ሄዱ?» ተባለ። ስንፈልገው ከጓሮ ነው የተገኘው፤ እጅጌውን ሰብስቦ ከልጃገረዶቹ ጋር ድስት ይፈገፍጋል።

አንድ ሽማግሌ አይተውት ሳቁ። «እኛ ዳኛ ብለን ስንጠብቅ አዲስ አበባ የላከችልን እቃ አጣቢ ነው እንዴ?» አሉት።

«አባቴ፣ የሁለቱም ደመወዝ እኮ አንድ ነው» አላቸው።

እዚያ ያሉት ሁሉ ሳቁ። ሽማግሌው ለምሳ ከጎናቸው ካልተቀመጠ አንበላም አሉ። ከበላ በኋላ ግን የሽማግሌውን ሳህን ራሱ አንሥቶ ሄደ።

ስለጠየቁኝ ነገር ዛሬ መጻፍ አልችልም። አይቆጡኝ።

ሌላው፣ ለዳኝነት የእኔን ስም እያነሡ እንደሆነ ሱፊያን ነግሮኛል። እባክዎ ተዉ ይበሏቸው። ምክትል ነበርኩ ማለት ዳኛ እሆናለሁ ማለት አይደለም። ለእኔ የሚሆን አይደለም።

ተስፋሁን


አዲስ አበባ፣ ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለተስፋሁን፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰህ። መድኃኒቱን እየዋጥኩ ነው፤ ሸፊቃ ቆማ ካላየች አትሄድም። እህትህ የላከችልኝ ቆጮም ደርሶኛል።

የሽማግሌውን ጨዋታ ለሸፊቃ አነበብኩላት። «ደመወዙ አንድ ነው» የሚለው ላይ ስደርስ ሁለታችንም ሳቅን። ያልነገርከኝን ግን አልተውኩትም። እጠብቃለሁ።

አሁን ስለ እድራችን ልንገርህ። አቶ ሉልሰገድ በገና ማግስት ቤቴ መጣ። ሸፊቃም ተቀምጣ ነበር።

«እትዬ እንቁ፣ ክፉ አስቤ እንዳይመስልሽ» አለ። «እድር ሰፈር ይፈልጋል። የእኛ ሰፈር ፈርሷል። ከድልድዩ ወዲህ የተረፋችሁት እናንተ ጥቂት ቤቶች ናችሁ። ሌላው ሰው አንዱ አያት፣ አንዱ ገላን፣ አንዱ ኮዬ ፈጬ ነው። ለአንድ ቀብር ሦስት ታክሲ ቀያይሮ የሚመጣ ማን ነው? እቃውን ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ እናካፍልና ሰዉ በየደረሰበት እድር ይግባ።»

«አንተ መኪና አለህ። አንተ ለምን ትቀራለህ?» አለችው ሸፊቃ።

«ሸፊቃ፣ የሁላችንም ቤት ከፒያሳ ሲነሣ ያንቺ ምላስ ብቻ ሳይነሣ ቀረ።»

«የካሳው ግምት ከብዷቸው ነዋ» አለችው።

ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚያየውን ነው የሚናገረው። ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ «እሸቴ ቢኖር ይህንን አላነሣውም ነበር» አለኝ። «አሁን ግን ማን አለ?» ጠቅላላ ጉባኤው የየካቲት የመጨረሻው እሑድ ነው። ያን ቀን ዳኛ የሚሆን ሰው ካልተገኘ እድሩ ይፈርሳል።

ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ያለው እውነት መሆኑን በዓይኔ አየሁ። ወይዘሮ ዓለምጸሃይ አረፉ፤ ከድልድዩ ሥር ጌሾ ይሸጡ የነበሩት። የተዛወሩት አያት ኮንዶሚኒየም ነበር። ለቅሶ ልደርስ ከሸፊቃ ጋር ሄድኩ። ድንኳኑ ቀድሞን በመኪና ደርሷል፤ ከሕንፃው ፊት ወርዷል። ወንዶቹም ቀላል አይደሉም፤ ከገላን ድረስ የመጣ አለ። ድንኳኑ ግን እንደተጠቀለለ መሬት ላይ ተጋድሟል። ሐዘንተኞቹ ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ወንዶቹ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ድንኳኑን ከበው ይተያያሉ።

«ማን ነው የሚያዘው?» አለ አንዱ።

«እሸቴ ነዋ» አለ ሌላው፤ ወዲያው ከንፈሩን ነከሰ።

ተስፋሁን፣ እሸቴ አዞ ያውቃል? አንተ አብረኸው ኖረሃል። ገመዱን ቀድሞ ይይዝ ነበር እንጂ ማንንም «ያዝ» ሲል አልሰማሁም። እሱ ሲይዝ ሌላው ይይዛል። ሰዉ ግን ሳያስተውለው ኖሯል። ታዝዞ ሲሠራ የኖረ መስሎት ትእዛዝ ይጠብቃል።

እኔ ጥቁር የለበስኩ ሐዘንተኛ ነኝ። ሐዘንተኛ ሰው ቤት ሲሄድ ቦታ ይለቀቅለታል፣ ይቀመጣል፣ እጁን አያነሣም፤ ወጋችንን ታውቃለህ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩና የገመዱን ጫፍ ያዝኩ። ሸፊቃ በሌላው በኩል ያዘች። ያን ጊዜ ወንዶቹ ተሯሯጡ።

«ኧረ እማማ ይተዉት፣ ነውር ነው» አለኝ አንዱ።

«ነውሩ የድንኳኑ መጋደም ነው። ካስማውን አቀብለኝ» አልኩት።

ቆመ። ወደ አንድ በኩል ያዘነበለ ነበር፤ ግን ቆመ።

ቤቴ ገብቼ አሰብኩ። አንድ ዓመት በጸሎተ ሐሙስ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እሸቴን ተቆጥቼው ነበር። ከሕፅበተ እግሩ በኋላ ሰዉ ሁሉ ወደ ቤቱ ሲሄድ እሱ ቀርቶ ውሃውን ያፈሳል፣ ወለሉን ይወለውላል። «አንተን ብቻ ነው እንዴ እግዜር የፈጠረው? ሚስት ሳታገባ ድንኳን አግብተህ ቀረህ ይሉሃል፤ ዳኛ ነህ፣ ትንሽ እንኳ አትቀመጥም?» አልኩት። እሱም «እማዬ፣ ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ሊያጥብ መጀመሪያ ያደረገውን ሰማሽ? ከማዕዱ ተነሣ ይላል። ተቀምጦ የሰው እግር ማጠብ አይቻልም» አለኝ። ያን ጊዜ አፌን ለማዘጋት ያለው መስሎኝ ነበር።

እድሩ እንዲፈርስ አልፈቅድም። ሰው ተበትኗል፤ ታዲያ ሲሞት ማን ያንሣው? አንተ ና። ሰዎቹ ስምህን እያነሡ ነው ያልከው ልክ ነው። አስጀማሪዋ እኔ ነኝ።

እናትህ እንቁ


ወልቂጤ፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእማማ እንቁ፣

የጠየቁኝን ዛሬ እመልሳለሁ። ከዚህ በኋላ «ልጄ» ብለው ባይጽፉልኝ አልቀየምም።

«እሸቴ አዞ ያውቃል?» ብለዋል። አንድ ጊዜ አዞኛል።

ከቀብር ስንመለስ እኔ የተቀመጥኩት በመጨረሻው ወንበር ላይ ነበር፣ ከድንኳኑና ከድስቶቹ ጋር። ጠመዝማዛ መንገድ ላይ መኪና ያዞረኛል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ፤ እሱም ያውቃል። ደጋግሞ አስመለሰኝ። እሸቴ መኪናውን አስቆመና ከጋቢና ወርዶ ወደ እኔ መጣ።

«ተነሥ፣ ፊት ሂድ» አለኝ።

«ጋቢና የዳኛ ነው። ሰው ምን ይላል?» አልኩት።

«ታዲያ ዳኛው አዘዘሃ። ቀጥል» አለኝ እየሳቀ።

ሄድኩ። እሱ ከድስቶቹ መካከል ተቀመጠ። አንዱን ድስት ጭኑ ላይ አድርጎ በጣቶቹ እየመታ ሲያዜም ይሰማኝ ነበር። ብዙ አልሄድንም። ከባዱ መኪና የመታን ከኋላ ነው። እግሬ የተሰበረው መኪናው ተገፍቶ ቦይ ውስጥ ሲገባ ነው፤ ሹፌሩም ግንባሩ የተጫረው ያኔ ነው። ከፊት የነበርነው ይህ ብቻ ነው የደረሰብን።

አብረውን የነበሩት ያልነገሩዎት ለእኔ ብለው ነው። በእኔ እንዲያዝኑ አልፈለጉም። ዝም በሉ ያልኳቸው እኔ አይደለሁም፤ ግን ተናገሩም አላልኳቸውም።

እማማ፣ ጋቢናውን ወሰድኩበት። አሁን ደግሞ ዳኝነቱን ልውሰድ? በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ እርስዎ ከፊቴ ቆመው እንዴት አይዎታለሁ? ለጉባኤው ሌላ ሰው ይፈልጉ።

ተስፋሁን


አዲስ አበባ፣ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ተስፋሁን፣

ሱፊያን ሁለት ጊዜ መጥቶ «መልስ የለም?» አለኝ። አልነበረም።

እውነቱን ልጻፍልህ። ተቆጥቼ ነበር። በአንተ ብቻ አይደለም። በእሱም ተቆጣሁ፣ በመንገዱም፣ በአቶ አማኑም፣ ነፍሱን ይማረውና አዲስ አበባ ልቀበር ቢል ምን ነበረበት አልኩ። «ለምን ጨከን ብለህ እምቢ አላልከውም?» የሚል ደብዳቤ ጽፌልህ ነበር። ቀደድኩት። ንስሐ አባቴ ጋ ሄጄ ተናገርኩ። እሳቸውም ብዙ አላሉኝም፤ «ጸልዪ፣ ሥራም ሥሪ» አሉኝ።

ሥራ ፈለግሁ። የእድሩ እቃ ቤት ከግቢዬ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ገብቼ ድንኳኑን ላናፍስ ብዬ ከፈትኩት። ሳህኖቹን አወጣን፣ አግዳሚዎቹን አወጣን። ከሁሉም ኋላ፣ ከግድግዳው ጥግ፣ ለዳኛ ተብሎ የተገዛው ባለ መደገፊያው ወንበር አለ። አቧራ ለብሷል። ሸፊቃ በጨርቅ ስትጠርገው ከሱቅ ሲመጣ የተለበጠበት ላስቲክ ከላዩ አልተነሣም። ስንት ዘመን ዳኛ ሆኖ አንድ ቀን አልተቀመጠበትም።

እዚያው ደፉ ላይ ቁጭ ብዬ ደብዳቤህን እንደገና አሰብኩት። ቦታውን ወሰድኩበት ትላለህ። የቱን ቦታ? ጋቢናውማ የሰው ወግ ሆኖበት የሚቀመጥበት ነበር። የእሱ ቦታ ከኋላ ነው፣ ከድስቶቹ ጋር። አንተን አስነሥቶ ወደ ቦታው ሄደ። ባዶ የቀረው እሱ ቦታ ነው፤ እስካሁን ማንም አልተቀመጠበትም።

ለፊት ወንበር ሰው ሞልቷል። ጉባኤ ይጠራና «ተቀመጥ» ቢባል የሚግደረደር እንጂ የሚሸሽ የለም። እኔ አንተን የምለምንህ ለኋላው ነው።

ይቅር ብዬሃለሁ አልልህም፤ ይቅር የሚባል ነገር አላደረግህም። ታመህ ነበር፣ ጓደኛህ ቦታ ለቀቀልህ፣ ተቀመጥክ። ቁጭቱ ግን አልወጣልኝም። ቀንም ማታም ይመጣብኛል። እሱ የእኔ ነው፤ አንተ አትሸከምልኝ።

አሁንም ልጄ ብዬሃለሁ።

እንቁ


ወልቂጤ፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእማማ እንቁ፣

ደብዳቤዎን ለእህቴ ማንበብ አቅቶኝ እሷው ተቀብላኝ አነበበችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኬን ከፍቻለሁ። ይደውሉ አልልም፤ ክፍት መሆኑን ይወቁት ብዬ ነው።

ግን አንድ ነገር አለ፤ ከኀፍረት የተለየ ነው። ጀሶው ወልቋል። ውስጡ ብረት አለው። ሐኪሙ ይህ እግር ከእንግዲህ ሸክም አይችልም ብሎኛል። እንኳን የድንኳን ምሰሶ አንድ ባልዲ ውሃ ይዤ ደረጃ አልወጣም። የኋላው ቦታ እንዳሉት ከሆነ የሸክም ቦታ ነው። እሸቴ ሁሉንም ይሸከም ነበር። ገመድ የማይስብ ሰው ለእድር ምን ያደርጋል? ወንበር ላይ ተቀምጬ «አንተ ይህን፣ አንተ ያን» ልበል? እሱን ካደረግሁ እሸቴን ሁለተኛ መቅበር ነው።

ተስፋሁን


አዲስ አበባ፣ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለተስፋሁን፣

ሱፊያን ነገ ስለሚጭን አሳጥሬ እጽፋለሁ።

ልጄን የሚነካ ነገር ልናገር ነው፤ እናቱ ነኝና ይፈቀድልኛል። ሁሉንም ይሸከም ነበር ብለሃል። አዎን። ያጎደለውም እዚያ ላይ ነው። ትከሻው ቆስሎ እንኳ «ያዝልኝ» አይልም ነበር። ሰው ይቸገራል ብሎ ነው። ግን ምን አተረፈልን? እሱ በሄደ ጊዜ ሠላሳ ወንድ አንድ ድንኳን ከቦ ቆመ። እሱ ሁሉንም ስለሠራ እኛ መሥራት እንደምንችል ሳናውቅ ቀረን።

ጌታ ከማዕድ ተነሥቶ እግር ማጠቡን እሸቴ ነግሮኛል። እኔ ደግሞ ሌላውን ልንገርህ። መንገድ ደክሞት የውሃ ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጧል። መቅጃም አልነበረውም። ውሃ ልትቀዳ የመጣችውን ሴት «አጠጪኝ» ብሎ ለመናት፤ ሰው ቆሞ እንኳ የማያነጋግራትን ሴት። መስጠት ብቻ አይደለም ትሕትና። «አልችልም፣ እርዳኝ» ማለትም አለበት። ይህንን ልጄ አልቻለበትም። አንተ ግን እግርህ ያስችልሃል።

ስለዚህ ተቀመጥ። ባለ መደገፊያው ላይ ሳይሆን አንዷን የእንጨት ዱካ ካስማው አጠገብ አድርገህ ተቀመጥ። አትዘዛቸው፤ ለምናቸው። እያንዳንዱን በስሙ ጠርተህ «እባክህ ይህችን ያዝልኝ፣ እኔ አልችልም» በላቸው። ሞክረው፤ ከሸክም አይቀልም።

ሱፊያን ዓርብ ከወልቂጤ ይመለሳል። ከጎኑ ጋቢና እንዲያስቀምጥህ ነግሬዋለሁ፤ መኪና ያዞርሃልና። ሳታፍር ተቀመጥ። ያዘዝኩህ እኔ ነኝ።

እናትህ እንቁ


አዲስ አበባ፣ መስከረም 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለተስፋሁን፣

ብረቱ በደህና ወጣ ብላ እህትህ ደውላልኝ ደስ ብሎኛል። ቁስሉ ሳይደርቅ ለመምጣት አትቸኩል፤ ለሙት ዓመቱ ትደርሳለህ።

ጉባኤው ዳኛ አድርጎ ሲመርጥህ የሆነውን አንተው ስለነበርክ አልደግመውም። አሁን የምነግርህ አንተ የሌለህበትን ነው። ባለፈው ማክሰኞ ገላን ላይ ለቅሶ ነበረ። ሰዉ ሲመጣ ዱካህ ባዶ ናት። ደነገጥኩ፤ ደግሞ ሊተያዩ ነው አልኩ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ ማሰር ጀምሬ ነበር። አንዱ ልጅ እግር ድንኳኑን ፈታና ከጎኑ ያለውን «እስቲ ያዝልኝ» አለው። ያኛው ሌላውን ጠራ። እኔ ቋጠሮዬን ሳልጨርስ ድንኳኑ ቆመ። ቀጥ ብሎ ነው የቆመው። እኔም ሄጄ እንደ ሐዘንተኛ ተቀመጥኩ።

አቶ ሉልሰገድ አሁንም «ይህ እድር ዓመት አይሞላም» ይላል። ይህንን የሚለው ሳህን እያጠበ ነው። ሸፊቃ «አንተ ከምትናገር አለቅልቅ» ስትለው ሰማሁ።

ለሙት ዓመቱ ከሕዝቡ ፊት ቆሜ እንድናገር ጠይቀኸኛል። አልችልም። ከዚህ በታች የጻፍኩትን ግን አንተ አንብብልኝ። መምጣት ላልቻሉትም አባዝተህ ስደድላቸው።

«የእድራችን ሰዎች፣ ይህንን የምትሰሙና የምታነቡ ሁሉ። ልጄ እሸቴ ከሞተ ዓመት ሆነው። ስለ እሱ ብዙ ጥሩ ነገር ተናግራችሁልኛል፤ አመሰግናለሁ። ዛሬ ግን እንድታወድሱት አልፈልግም። ሰው ነበር። ይሳሳት ነበር፣ ይቆጣ ነበር፣ ሥራ ከሰው እጅ ይነጥቅ ነበር። በአምላኩ ፊት ምን እንደሚጎድለው እኔ እናቱ እንኳ አላውቅም።

«በሕይወቱ ሳለ ከእናንተ አንዳች ለምኖ አያውቅም። አሁን ለራሱ ምንም ማድረግ ከማይችልበት ቦታ ነው ያለው፤ እኔ እለምንለታለሁ። ክርስቲያኖች ቤተ ክርስቲያን ስትስሙ፣ ሙስሊም ወንድሞቼና እህቶቼ ዱዓ ስታደርጉ አስቡት። ከዚህ ሰፈር ያልሆናችሁ፣ ፊቱን አይታችሁት የማታውቁም ብትሆኑ አስቡት። አቶ አማኑንም፣ ወይዘሮ ዓለምጸሃይንም ከእሱ ጋር አስቡልኝ።

«ቤተ ክርስቲያን በጸሎት የምትጠራው እሸቴ ብላ አይደለም። የክርስትና ስሙ ገብረ ማርያም ነው። እባካችሁ፣ ይህንን አንብባችሁ ከመነሣታችሁ በፊት አንድ ጊዜ፣ ጌታ ሆይ የገብረ ማርያምን ነፍስ ማር በሉልኝ።»